መቶው የየትኛው ዋጋ ነው?



በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ መጻፍ ልማዳችን ነው። ዛሬ ደግሞ ልጆቻችን በፈተና ላይ ስለሚያገኙት ስለ ዋጋ ቅናሽ ሒሳብ ጥቂት ቃል ለማቅረብ አስበናል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ብዙ ብልኅ ልጅ የሚያሰናክል፥ ትልቁንም ሰው የሚያሳስት ስለ ሆነ ልብ ብላችሁ እንድትመለከቱት እንለምናለን።

አንድ ወዳጃችን በጽሕፈት ቤቱ ብዙ የገንዘብ ሒሳብ እየመረመረ የሚያሳልፍ ሰው ነው። ልጁ ወደ አሜሪካ ሄዶ ለመማር ስላሰበ በዚያ አገር ኤስ ኤ ቲ ለሚባለው ፈተና ይዘጋጃል። ይህ ፈተና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1926 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን ዛሬ የሚሠራው በኮምፒዩተር ነው። በሒሳቡ ክፍል ለ44 ጥያቄዎች የተሰጠው ጊዜ 70 ደቂቃ ብቻ ስለ ሆነ ለአንዱ ጥያቄ የሚደርሰው ከ95 ሴኮንድ እምብዛም አይበልጥም። የሚበዙት ጥያቄዎችም አራት አራት መልስ ተጽፎላቸው ተማሪው እውነተኛውን እንዲመርጥ የተዘጋጁ ናቸው።

ልጁ አንድ ማታ እንዲህ ያለ መለማመጃ ጥያቄ ይዞ ወደ አባቱ ቀረበ። «ዋጋው 200 ዶላር የነበረ ካፖርት በመጀመሪያ ከመቶ 20 ተቀነሰለት፤ ቀጥሎም ከተቀነሰው ዋጋ ላይ እንደ ገና ከመቶ 10 ተቀነሰለት። በጠቅላላው ከመጀመሪያው ዋጋ ከመቶ ስንት ተቀነሰ?» ከአራቱ መልሶች መካከል 28 ነበረበት፤ 30ም ነበረበት።

አባትዮው ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ «20ና 10 ሲደመር 30 ነው፤ ይህ ምን ያስጠይቃል?» አለ። ልጁም «አባባ፥ እኔ ያገኘሁት 28 ነበር፤ እርስዎ 30 ካሉ ግን 30 ይሁን» ብሎ የጻፈውን ሰርዞ ሄደ።

አባትየው ግን ነገሩ በልቡ ስለ ተመላለሰበት ከእራት በኋላ ወረቀትና እርሳስ አንሥቶ ይመረምረው ጀመር። የ200 ዶላር ከመቶ 20 እጁ 40 ነው፤ የሚቀረውም 160 ነው። ሁለተኛው ቅናሽ የሚነሣው ከ200 ሳይሆን ከዚህ ከ160 ነውና ከመቶ 10 እጁ 16 ይሆናል። 40ና 16 ሲደመር 56 ነው፤ 56ም ለ200 ከመቶ 28 እጅ ነው። ያን ጊዜ ልጁን አስጠርቶ «ልጄ፥ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ አንተ እውነቱን ይዘህ ሳለ እኔን አክብረህ ጣልኸው። ከእንግዲህ ወዲህ ሒሳቡን አሳየኝ እንጂ ለእኔ ቃል ብቻ ብለህ አትሰርዝ» አለው።

እነሆ፥ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ያለው ወጥመድ ይህ ነው። «ከመቶ 20» የሚለው ቃል ለብቻው ምንም ዋጋ የለውም፤ ከምን ላይ እንደሚነሣ ካልታወቀ ሊቈጠር አይቻልም። ጥያቄውን ያዘጋጁትም ሰዎች የቸኮለ ተማሪ የሚደርስበትን ቍጥር ስለሚያውቁ ከመልሶቹ መካከል ይጽፉታል። ተማሪው ያገኘው ቍጥር ተጽፎ ቢያይ እውነት ያገኘ ይመስለዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህ ነው፤ በፈተና ጊዜ ግን ያፈሰሰውን ለመልቀም እንኳ ጊዜ አይገኝም።

ከዚህ የሚብሰው ወደ ኋላ የሚጠይቀው ነው። «ከመቶ 20 ተቀንሶለት በ960 ብር የተሸጠ ጫማ አስቀድሞ ዋጋው ስንት ነበር?» ቢባል፥ ብዙ ሰው የ960ን ከመቶ 20 እጅ 192 አግኝቶ በላዩ ይጨምርና 1152 ይላል። ይህ ስሕተት ነው፤ ቅናሹ የተነሣው ከቀድሞው ዋጋ እንጂ ከ960 አይደለምና። ከመቶ 20 ቢነሣ የሚቀረው 80 ስለ ሆነ 960 ብር የቀድሞው ዋጋ 80 እጅ ነው። 960 ለ80 ሲካፈል 12 ይሆናል፤ 12 በ100 ሲባዛ 1200 ብር ይሆናል። መልሶ ለመመርመር የ1200 ከመቶ 20 እጁ 240 ነው፤ ይህ ሲቀነስ በትክክል 960 ይቀራል።

ይህ ዕውቀት ለፈተና ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በአገራችን ከመቶ 15 የሚከፈለው የተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ ገብቶ አንድ ዕቃ 1150 ብር ቢሸጥ ታክሱ ስንት ነው? የ1150ን ከመቶ 15 እጅ የሚያወጣ ሰው 172 ብር ከ50 ሳንቲም ይላል። ነገር ግን ታክሱ የታሰበው በ1000 ብር ላይ ስለ ሆነ እውነተኛው 150 ብር ነው። በትልቅ ገንዘብ ላይ ይህን የመሰለ ስሕተት ቢደረግ ጉዳቱ የማን እንደሚሆን ለአንባቢዎቻችን መናገር አያስፈልግም።

ስለዚህ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ሁሉ ሦስት ነገር እንድታስለምዷቸው እንመክራለን። መጀመሪያ፥ እርሳስ ከማንሣታቸው በፊት «ይህ መቶ የየትኛው ዋጋ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛ፥ የተቀነሰውን ብቻ ሳይሆን የቀረውን ይመልከቱ። ሦስተኛ፥ ያገኙትን መልስ ወደ ጥያቄው መልሰው ይመርምሩት። ካልኩሌተር የሚባለው የሒሳብ መኪና በዚህ ፈተና የተፈቀደ ነው፤ ዳሩ ግን መኪናው የታዘዘውን ያባዛል እንጂ መቶው የየትኛው ዋጋ እንደ ሆነ አይነግርም።

ለወላጆችም አንድ ነገር እንጨምራለን። ልጃችሁ ከእናንተ የተለየ መልስ ይዞ ሲመጣ፥ ከመቈጣትና ከመፍረድ በፊት ወረቀቱን ተቀብላችሁ እዩለት። ሒሳብ ለዕድሜና ለማዕርግ አያዳላም፤ አባት በልጁ ፊት «ተሳስቻለሁ» ቢል ክብሩ አይጐድልበትም፤ ልጁም በፈተናው ቀን ብቻውን ሲቀመጥ በገዛ ሒሳቡ መታመንን ይዞ ይገባል።