ማጉያው ሲጠፋ

ኒርቫና የተሰኘው የአሜሪካ የሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1993 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ስቱዲዮ፣ በሻማና በአበባ ተከቦ፣ ከወትሮው ጩኸት አብዛኛውን ትቶ ተጫወተ። ኩርት ኮቤይን ከሞተ በኋላ በ1994 በአልበም የወጣው ያ ዝግጅት እስከ ዛሬ ይደመጣል። ባንዱ ከጩኸቱ ጀርባ ምን እንደነበረው ያን ዕለት በግልጽ ተሰማ። የኛም አገር ሮክ ከባሕሉ ጋር ለመገናኘት ሞክሯል፤ ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን በቢል ላስዌል አዘጋጅነት ሲያወጣ በአምስቱ ድምፅ ቅኝቶቻችን ላይ ጊታር አስጩኋል። ድፍረቱን እወድለታለሁ።

የዛሬው ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን የሚያውቅ ሰው ማጉያ የሌለው ሙዚቃ ምን ያህል እንደሚሞላ ይረዳል። በጉና ጥላ ሥር ያለው ይህ አገር የድጓ ምስክር ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ዙር አባ የሚገኙበት ነው። ተማሪው ዓመታት ቆጥሮ በቃሉ የሚሸከመው ዜማ ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ በስተቀር መሣሪያ አይሻም። በሰርግ ቤት ደግሞ ባለ አንድ ጭራው ማሲንቆ አለ። አዝማሪው ከታዳሚው ክንድ በማይርቅ ስፍራ ቆሞ «ተቀበል» ሲባል የተሰጠውን ስንኝ ተቀብሎ ያዜማል፤ አንዳንዴም ሰጪውን ራሱን በሰምና ወርቅ ያሳፍራል።

ታዲያ ይህ ጥበብ ወደ ስቱዲዮ ሲገባ ምን ይሆናል? ኪቦርድ ይደረብበታል፤ ግጥሙ አስቀድሞ ይጻፋል፤ ዘፈኑ በጥቂት ደቂቃዎች ይቆረጣል። ተቀባይ እንጂ ሰጪ የለም። የቀረው የአዝማሪ ልብስ የለበሰ ዘፋኝ ነው።

ምክንያቱን በጊዜና በገንዘብ እጥረት ብቻ የሚያስረዱ አሉ። አልቀበላቸውም። አዝማሪ በቅጽበት የሚናገር ሰው ነው፤ በቅጽበት የሚነገር ቃል ደግሞ አስቀድሞ አይታይም። ፋሺስት ኢጣሊያ አዝማሪዎችን ያሳደደውና የገደለው ስለ ማሲንቆው ድምፅ ሳይሆን ስለ ግጥሙ ነበር። ደርግ ዘፈን ከመታተሙ በፊት ግጥሙን ያስመረምር ነበር፤ የሰዓት እላፊውም የምሽቱን ጨዋታ ለረጅም ዓመታት አዳክሞታል። የቅድመ ኅትመት ምርመራ በ1985 ዓ.ም. በፕሬስ አዋጅ ተሽሯል። ፍርሃቱ ግን አብሮ አልተሻረም። ዛሬ መርማሪው ቢሮ የለውም፤ በአዘጋጁ ልብ ውስጥ ተቀምጧል።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከታወጀም ወዲህ ጦርነቱ የደቡብ ጎንደርን ገጠር እያንገላታ ነው። እንዲህ ባለ ዘመን ስለ ማሲንቆ ማውራት ቅንጦት ነው የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ሆኖም መንገድ ሲዘጋ፣ ሰርግም በጭምጭምታ ሲደገስ፣ አዝማሪው የዕለት እንጀራውን ያጣል፤ የሚሸመድድለት ልጁም ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ጥበቡ በጽሑፍ አይኖርም፤ ያለው በሰው ውስጥ ነው። ሰውየው ከሄደ ቤተ መጻሕፍት ገብተን አናገኘውም።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በባሕር ዳርም ሆነ በአዲስ አበባ ያለ ጣቢያ አንድ ጠባብ ክፍል ያዘጋጅ፤ ሃያ ሰው ያስቀምጥ፤ ከጋይንት፣ ከእስቴ፣ ከስማዳ አንድ አዝማሪ ጠርቶ ያለ ኪቦርድ፣ ያለ ተጻፈ ግጥም አንድ ሰዓት ይቅዳ። የድጓውን መምህር፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ በሌላ ቀን። ለታዳሚው ስንኝ የመስጠት መብት ይሁን። ክፍያውም ግንባር ላይ በሚለጠፍ ብር አይለካ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ለከዋኞች የሰጠው መብት አለ፤ ውሉ በእሱ ይጻፍ፤ ቀረጻው ሲሸጥ ወይም ሲደገም ለአዝማሪው ይድረሰው። አሜሪካዊው ባንድ እንኳ ለዚያ ምሽት ሻማና አበባ አስፈልጎት ነበር። ለኛ አንድ ማይክሮፎን ይበቃል፤ እሱም ከአፉ ትንሽ ራቅ ይበል፣ የደጋኑ መፋተግ እንዲሰማ።