«ውሃ ጠጣ፣ ኩላሊትህን ያጥብልሃል» ለምትሉ ሁሉ

ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው፣ ታገሱኝ። በተለይ ባዮሎጂ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ይህን ምክር በእናንተ ገጽ ላይ ሳየው ነው የባሰ የሚያንገበግበኝ።

ፍላቂት ውስጥ እገሌ የኩላሊት እጥበት ጀመረ ከተባለ ጠያቂው በየተራ ይገባል። አንዱ አጥሚት፣ አንዱ ጠላ፣ አንዷ በጀሪካን ጠበል ይዛ። «ጠጣ እንጂ!» ይባላል። ጠጠር ላለበት፣ ሽንቱ በደንብ ለሚወርድ ሰው ምክሩ ይሠራል። እጥበት ላይ ያለ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሽንቱ ቀንሷል፣ ወይም ጭራሽ ቆሟል። የገባው ውሃ መውጫ የለውም። በላብ እንዳይወጣ እንኳ የኛ ደጋ ብርድ ነው፣ ማን ያልበዋል? 1 ሊትር ውሃ ሚዛን ላይ 1 ኪሎ ነው። መጀመሪያ እግር ያብጣል፣ ቀጥሎ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሌሊት ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረውን ሰው «ብርድ መታው» ትላላችሁ። ውሃ ነው እኮ!

«ማሽኑ ያወጣው የለ?» ያወጣል፣ በልኩ። ለልብ አይበዛም የሚባለው በሰዓት ለ1 ኪሎ ክብደት 13 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አስሉት፤ በ4 ሰዓት 3 ሊትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። 5 ኪሎ ጨምሮ የመጣውን ሁሉንም በዚያው 4 ሰዓት እናውጣ ከተባለ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ልቡም ይጎዳል።

ለባለሙያዎቹም አለኝ። «አትጠጣ አላልኩህም?» እያሉ የልጆች አባትን እንደ ሕፃን መቆጣት ምን ይባላል? ጥማት በቁጣ አይቆምም። ጥማቱን የሚያመጣው ጨው ነው። ያ በየክሊኒኩ የሚንጠለጠለው የኖርማል ሳላይን ከረጢት 1 ሊትሩ 9 ግራም ጨው አለው። ሰውነትም በዚያው ልክ ነው የሚሠራው፤ 9 ግራም ጨው ያስገባ ሰው 1 ሊትር ያህል ውሃ እስኪጠጣ ጥሙ አይለቀውም። የሚመከረው በቀን ከ5 ግራም ያልበለጠ ነው፣ ከወጥም ከዳቦም ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። የኛ በርበሬና ሽሮ ደግሞ ገና ሲዘጋጅ ጨው የሚገባበት ቤት ብዙ ነው። ቡናውንም በጨው የሚጠጣ አለ። ታዲያ ባለቤቱን ጠርቶ «ለሱ ለብቻው ያለ ጨው አስፈጪለት» ያላት ማን ነው?

ደግሞ መንገዱ። የተለመደው እጥበት በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ነው። ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ቢጀመርም፣ የሚለግሰው ዘመድ ላላገኘ ሰው ሕይወቱ ይኸው ማሽን ነው። ከፍላቂት ነፋስ መውጫን፣ ደብረ ታቦርን አልፎ እስከ ባሕር ዳር የሚሄድ አለ፤ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ የሚቀመጥም አለ። ገንዘብ ሲያጥር 3ቱ 2 ይሆናል። ከ2ቱ አንዱ መንገድ ተዘግቶ ሲቀር ሰውየው ሳምንት ሙሉ ውሃውን ተሸክሞ ይከርማል። ይህን ሰው «ዲሲፕሊን የለህም» ማለት ግፍ ነው።

ጠበሉን በተመለከተ ጠብ አልፈልግም። ይጠመቅ፣ የሚከለክለው የለም። የሚጠጣው ግን በሲኒ ይሁን፣ ሲኒውም ከቀኑ ውሃ ላይ ይቆጠር። አጥሚቱም፣ ሾርባውም፣ ጠላውም እንደዚሁ። ይህን አባቶች በዓውደ ምሕረት ቢናገሩት ከኔ በላይ ይሰማሉ።

ልትጠይቁት ስትሄዱ ተዋጡና ሚዛን ግዙለት። ደረቅ ክብደቱን ሐኪሙ ይንገረው፤ ልጁ ጠዋት ጠዋት መዝና ትጻፍለት። በቀን ስንት መጠጣት እንዳለበትም ሽንቱን ለክቶ ሐኪሙ ይወስናል፣ ጎረቤት አይደለም።

ኮመንት ላይ «የቆስጣ ጭማቂ ፍቱን ነው» ብላችሁ የምትጽፉ ደግሞ፣ ከአሁኑ እነግራችኋለሁ፣ አጠፋዋለሁ። የቆስጣ ፖታሲየም ኩላሊቱ ለማይሠራ ሰው ልብ ያቆማል።