ወንበሩ ምን በደለ?

በቀደም ሰፈራችን ለቅሶ ተቀምጠናል። ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንዲት በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና ከተነሣንላቸው ወንበር አጠገብ ሲደርሱ ቆም አሉ። መቀመጫውን በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉት። መዳፋቸው ጠቆረ። ነጠላቸውን አዩት፣ ወንበሩን አዩት። «ግድ የለም ልጆቼ፣ እቆማለሁ» ብለው የድንኳኑን ምሰሶ ተደገፉ።

ይኸውላችሁ፣ ያ ወንበር ሲገዛ ነጭ ነበር። ዛሬ መደገፊያው ላይ የስንቱ ሰው የእጅ ወዝ፣ እግሩ ላይ የስንት ክረምት ጭቃ፣ መቀመጫው ላይ የስንት ለቅሶ ሻይ እንደተጋገረበት እግዜር ይወቀው።

በወሩ የዕድር ስብሰባ ላይ ጉዳዩ ተነሣ። «ወንበሮቹ አርጅተዋል፤ ከካዝና ወጪ ተደርጎ አዲስ ይገዛ» ተባለ። አጨበጨብን። እኔ እጄን አወጣሁ። «አላረጁም፤ አድፈዋል» አልኩ። ዕድሜዬን በሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ ስለ ቃል ስጨቃጨቅ የኖርኩ ሰው ነኝና ማርጀትና ማደፍ ሲምታቱ ዝም ማለት አልቻልኩም። ያረጀ ይተካል፤ ያደፈ ይታጠባል። ወዲያው አንዱ ጎልማሳ፣ «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፕላስቲክ እኮ ነው!» አለኝ። ሳቅ ሆነ።

እኔ ደግሞ ጠቤ ከዚህችው «ፕላስቲክ እኮ ነው» ከምትባል አነጋገር ጋር ነው። ያ ጎልማሳ ቤት ገብቼ አውቃለሁ። የሳሎኑ ሶፋ ላይ ዳንቴል ተነጥፏል፤ ልጆቹ ጫማቸውን ሳያወልቁ አይወጡበትም። የሐዘንተኛው መቀመጫ ሲሆን ግን ፕላስቲክ እኮ ነው! እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የናቅነው ፕላስቲኩን አይደለም። የሁላችን የሆነውን ነገር ነው የናቅነው።

በቋንቋችን ወንበር ትልቅ ቃል ነው። ሊቃውንቱ ወንበር ዘርግተው ያስተምራሉ፤ ዳኛ ወንበር ላይ ተሰይሞ ይፈርዳል፤ ሹመኛውም ለወንበር ይጋደላል። ወንበር ላይ መውጣቱን እናውቅበታለን። ማጠቡ ላይ ነው የምንጠፋው።

ደግሞስ ይህ የናቅነው ዕቃ ምን እንደሆነ እናውቃለን? ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ቀልጦ በአንድ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተገፍቶ የሚወጣ፣ ብሎን የሌለው፣ ምስማር የሌለው፣ አንድ ወጥ ነገር ነው። ሄንሪ ማሶኔ የተባለ ፈረንሳዊ በ1972 እ.ኤ.አ. የሠራው ወንበር ለዛሬዎቹ እንደ አባት ይቆጠራል። ወጥ በመሆኑ ረክሶ ዓለምን አዳረሰ። ወጥ በመሆኑም እግሩ ከተሰነጠቀ እንደ እንጨት ወንበር አናጺ ጋ ወስዳችሁ አታስጠግኑትም። ብትጥሉት ደግሞ አይበሰብስም፤ ከእኛ በኋላ ብዙ ዘመን ይኖራል። እንግዲህ በእድፍ ምክንያት የምንጥለው እንዲህ ያለውን ነው።

በርግጥ እውነተኛ እርጅናም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ፕላስቲክን ታደርቃለች። ወንበሩ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ እጃችሁን ስታሳርፉበት ነጭ ዱቄት ከወጣ፣ ያ ዱቄት ቆሻሻ አይደለም፤ ራሱ ፕላስቲኩ ነው። እሱ አርጅቷል፤ ሰው ይዞ ሳይሰበር ይወገድ። የቀረው ግን ለብ ያለ ውኃ፣ ኦሞና ለስላሳ ብሩሽ ነው የሚጠይቀው። አረፋው ዐሥር ደቂቃ ያህል ይቆይበት፤ ሥሩና ጎድጓዳው አይረሳ፤ በደንብ ይለቅለቅና ጥላ ላይ ይድረቅ። በድስት ሽቦ የሚፈገፍግ ሰው ለዛሬ ያነጣው ይመስለዋል እንጂ ፕላስቲኩን ቧጥጦ ለሚቀጥለው እድፍ መደበቂያ እያበጀለት ነው።

«ማን ይጠበው?» ይሄኔ ነው ቤቱ ጸጥ ያለው። ከዚያ አንዱ፣ «አንዲት ልጅ ፈልገን እናሳጥበው» አለ። እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ከዓመታት በፊት አሳጥበን ነበርና። አንዲት ከገጠር የመጣች ልጅ ተፈለገች። ያልቀጠነ በረኪናና ሽቦ ሰጠናት፤ ጓንት ግን አልሰጠናትም። ከጧት እስከ ማታ አጎንብሳ ስትፈገፍግ ዋለች። ሒሳቧን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ ጣቶቿ ተልጠው ነበር። ገንዘብ ያዡ ብሩን ቆጥሮ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት፤ ሌሎቻችን በረንዳው ላይ ሻይ እንጠጣ ነበር። እኔም ነበርኩ። አይቻለሁ፤ አንዲት ቃል አልተናገርኩም።

በረኪና እኮ ለግትር እድፍና ለሻጋታ በብዙ ውኃ ቀጥኖ፣ በጓንት፣ ነፋሻ ቦታ ላይ ነው የሚነካው። ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ከተቀላቀለማ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ያን ቀን አንዱ «አሲድ ጨምሩበት፣ ቶሎ ያነጣል» ያለ እንደሆነ ከዚያች ልጅ ጋር ምን እንሆን ነበር? እናላችሁ፣ «ልጅ ፈልገን እናሳጥበው» ማለት እድፋችንን ከወንበር አንሥተን በሰው እጅ ላይ ማኖር ነው።

ስለዚህ ራሳችን እንጠበው አልኩ። ዕድራችን ከቀብር የቀረን ሰው ይቀጣል አይደል? ከእጥበት የቀረም ይቀጣ። ቤት ለቤት ሁለት ሁለት ወንበር ቢደርሰን የአንድ ሰዓት ሥራ አይሞላም። አቅም ያነሳቸው አረጋውያን ይቅሩ፤ ሌሎቻችን ግን ዲግሪ አለኝ፣ መኪና አለኝ፣ ወንድ ነኝ ማለት አይሠራም። ዳኛው ጺማቸውን እያሻሹ፣ «መምህር፣ እርስዎ ራስዎ ያጥባሉ?» አሉኝ። «ያውም መጀመሪያ» አልኳቸው። ነገሩ ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል። የሁለቱን ድርሻዬን ግን ባለፈው ቅዳሜ አጥቤ መልሻለሁ። እንደ አዲስ አልነጡም፤ ነጠላ ግን አያቆሽሹም።

እልኸኛ ነው የምትሉኝ ካላችሁ እውነታችሁን ነው፤ ለራሴም ብዬ ነው። የሚቀጥለው ድንኳን የማን እንደሆነ አይታወቅም። የእኔ የሆነ እንደሆነ፣ እኒያ እናት ምሰሶ ተደግፈው እንዲያለቅሱልኝ አልፈልግም።