ለአባቴ ሰንጢ ብገዛ ምን ነውር አለው?

ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ ሰንጢ ነው። አዎን፣ ታጥፎ በኪስ የሚያዘው ትንሹ ቢላ። ሆኖም ምግባችሁ እስኪቀርብ ድረስ ታግሣችሁ ብታነቡልኝ፣ የማወራው ስለ ሰንጢ ብቻ ሳይሆን ስለ ወላጆቻችንም መሆኑን ትረዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ከሀገር ቤት መጥተው ሴንት ፖል ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሦስተኛ የበረዶ ወራቸውን ይዘዋል። ሀገር ቤት ሳሉ ከኮታቸው ኪስ የማትጠፋ፣ እጀታዋ ቀንድ የሆነ ሰንጢ ነበረቻቸው። ለእኛ ለልጆቻቸው እርሳስ የተቀረጸልን፣ ሸንኮራ የተላጠልን፣ የወይራ መፋቂያ የተጠረበልን በዚያች ሰንጢ ነው። ወደዚህ ሲመጡ ግን በኪሳቸው እንደያዟት ፍተሻ ላይ ደረሱና እዚያው ቀረች። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለ ካፖርቱ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ በርበሬው አስተሻሸግ በስልክ ስለፈልፍ ሰንብቼ «አባባ፣ ሰንጢዎን በሚጫነው ሻንጣ ያድርጉት» ማለቱን ረሳሁት።

እርሳቸውም ምንም አልተናገሩ። እኔም ነገሩን ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው። አንድ ማታ ብርቱካን ይዘው ኪሳቸውን ዳበስ ዳበስ ሲያደርጉ አየኋቸው። ባለቤቴ ፈጠን ብላ «ይተዉት አባባ፣ እኔ ልላጥልዎ» ብላ ተቀበለቻቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «እጄንም አውሮፕላን ማረፊያ ጥዬው መጣሁ መሰል» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እስቲ ልብ ብለን እናስተውል። ወላጆቻችንን ወደዚህ ስናመጣ ክብር እየሰጠናቸው መስሎን ሥራውን ሁሉ ከእጃቸው እንነጥቃለን። ፖስታውን እኛ እንከፍታለን። መድኃኒቱን እኛ እንቆጥራለን። ስልኩን የልጅ ልጃቸው ይነካካላቸዋል። መኪና አይነዱ፣ ቋንቋው አይገባቸው፤ ኅዳር ሲገባ ደግሞ ብርዱ አፓርትመንት ውስጥ ይዘጋባቸዋል። ሀገሩ ላይ ሰው ሲያስታርቅ፣ ዕድር ሲዳኝ የኖረ ሰው እዚህ ሲደርስ ብርቱካን የሚላጥለት ሕፃን ይሆናል። ይህ ምቾት ሊሆን ይችላል፤ ክብር ግን አይደለም ባይ ነኝ።

ስለዚህ የአባቶች ቀን ሲቃረብ ሰንጢ ልገዛላቸው ቆረጥሁ። ለወንድሜ ብነግረው «ለሽማግሌ ሰንጢ? ሰው ምን ይላል? ሸሚዝ ግዛላቸው እንጂ!» ብሎ ተቆጣኝ። አልፈርድበትም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሰንጢ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ኪስ አውላቂና ዱርዬ ነው። ነገር ግን ስሙን ያጠፉት ዱርዬዎች ናቸው እንጂ፣ ሰንጢ በገበሬውም፣ በአናጢውም፣ በመምህሩም ኪስ የኖረ የሥራ ዕቃ ነው። ደግሞስ ቁርጥ ፊታችን ሲቀርብ በቢላ የሚያፍር ማነው?

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። ቀዩን የስዊዝ ሰንጢ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ካርል ኤልዜነር የተባለው ቢላ ሠሪ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1884 ሲሆን፣ በ1891 ለሀገሩ ወታደሮች ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። በ1909 እናቱ ሲሞቱበት ዕቃውን በስማቸው «ቪክቶሪያ» አለው። በ1921 የማይዝገው ብረት ሲመጣ «ኢኖክስ» የሚለው ቃል ተጨመረበትና ቪክቶሪኖክስ ሆነ። እንግዲህ ያ ሰው ሰንጢውን በእናቱ ስም ሲጠራ ካላፈረ፣ እኔ ለአባቴ ሰንጢ ስሰጥ ስለ ምን አፍራለሁ?

ይሁንና «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ መጀመሪያ የገዛሁት የማይሆን ነበር። ጥቁር፣ ትልቅ፣ አስፈሪ ነገር። አባባ ገልበጥ አድርገው አዩትና «ልጄ፣ ይህ የሽፍታ ነው። እኔ ማንን ልወጋ ነው?» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ ጠይቄም፣ በእጄ ዳስሼም የተማርሁትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ትንሽ ይሁን። ስለቱ ከሌባ ጣት የማይበልጥ ሰንጢ ለብርቱካን፣ ለፖስታና ለገመድ ይበቃል። ትልቁ ግን ያየውን ሁሉ ያስደነግጣል። እንግሊዝኛ የማይናገር ጥቁር ሽማግሌ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ትልቅ ስለት ይዞ ቢታይ ምን ሊከተል እንደሚችል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። አዝራር ሲጫኑት ተፈናጥሮ የሚከፈተውን ዓይነት ደግሞ ጭራሽ አትንኩት፤ ከሕግ ጋር ያጣላል።

ሁለተኛ፣ አከፋፈቱን በራሳችሁ ጣት ሳይሆን በእርሳቸው ጣት ገምቱ። የብዙዎቹ ሰንጢዎች ስለት ተስቦ የሚወጣው በጥፍር ነው። ብረቱ ጥብቅ ከሆነ ቁርጥማት ለያዘው ጣት መከራ ይሆናል። ከ1890 ጀምሮ የሚሠራው የፈረንሳዩ ኦፒኔል እጀታው እንጨት ነው፤ በ1955 ስለቱ ጣት ላይ እንዳይታጠፍ የሚይዝ የሚዞር ቀለበት ተጨምሮለታል። በቁጥር ነው የሚሸጠው፤ ለኪስ 6 ወይም 7 ቁጥር ይበቃል። ጉድለቱ እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ አብጦ «አልከፈትም» ማለቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ብረቱን እዩ። ካርቦን የሚባለው ብረት ቶሎ ይሳላል፤ ነገር ግን ሎሚ ወይም ብርቱካን ቆርጦ ሳይጠረግ ከታጠፈ ይዝጋል። ለወላጅ የማይዝገው ይሻላል።

አራተኛ፣ እናቶችን አንርሳ። ከስዊዞቹ ትንሹ፣ ክላሲክ የሚሉት፣ ርዝመቱ 58 ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ ስለት፣ መቀስ፣ የጥፍር ሞረድ፣ ወረንጦና የጥርስ መጎርጎሪያ አለው። ክር ለምትቆርጥ፣ የመድኃኒት ማሸጊያ ለምትታገል እናት ከብዙ ሽቶ ይበልጥ ይጠቅማታል።

ጥንቃቄውንም ልናገር። ከ2001ዱ የሽብር አደጋ ወዲህ፣ እርሱም የእኛ የዕንቁጣጣሽ ዕለት ነበር፣ ሰንጢ ይዞ አውሮፕላን ውስጥ መግባት ክልክል ነው። በ2013 የአሜሪካ የፍተሻ መሥሪያ ቤት ትንንሾቹን ልፍቀድ ብሎ ነበር፤ ተቃውሞ ስለበዛበት ግን በሦስት ወሩ ትቶታል። በሚጫነው ሻንጣ፣ ስለቱ በደንብ ተጠቅልሎ ቢሄድ ይቻላል። ሀገር ቤት ላሉ ወላጆች በሰው እጅ የምትልኩ ከሆነም ዕቃው ምን እንደሆነ ለመንገደኛው በግልጽ ንገሩት፤ የእኔ አባት የደረሰባቸው እንዳይደርስበት። ፍርድ ቤት ሲኬድ፣ የልጅ ልጅን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ሲኬድ ሰንጢው ቤት ይቅር። በሕፃናት ቦርሳ ውስጥ ገብቶ እንዳይገኝም ተጠንቀቁ። የመርሳት ሕመም ለያዛቸው ወላጆች ደግሞ ይህ ስጦታ አይሆንም፤ ሌላ ፈልጉላቸው።

በመጨረሻ ባለ እንጨት እጀታዋን ገዛሁ። በሥራ ቦታዬ ያለ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ይህን ሰምቶ «ስለት ስትሰጥ ፍቅር እንዳይቆረጥ ተቀባዩ ሳንቲም ይክፈልህ» አለኝ። እናቴም ነፍሷን ይማረውና፣ ቢላ እጅ ለእጅ አይቀባበሉትም፣ ጠብ ያመጣል ትል ነበር። ሁለቱንም ለማክበር ሰንጢዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁና የፈረንጁን ወግ ለአባባ ነገርኋቸው። ከት ብለው ሳቁ። ከዚያም ከኪሳቸው ሩብ ዶላር አውጥተው «እንካ፣ ገዝቻታለሁ» አሉኝ። እዚህ ሀገር ከመጡ ወዲህ ለራሳቸው ሲገዙ ያየኋቸው የመጀመሪያው ዕቃ ነው።

አሁን ማታ ማታ ብርቱካን የሚላጥልን እኛ ነን። የልጆቼን እርሳስ የሚቀርጹት እርሳቸው ናቸው፤ ፖስታው የሚከፈተው በእርሳቸው እጅ ነው፤ ማንበቡ የእኔ ድርሻ ሆኗል። ልጆቼም አያታቸው አጠገብ ተኮልኩለው ወሬ ይሰማሉ። ወንድሜ እንኳ ባለፈው መጥቶ አይቶ ዝም አለ።

ወገኖቼ፣ ሁላችሁም ሰንጢ ግዙ ማለቴ አይደለም። ለአንዱ ሰንጢ፣ ለሌላው መርፌና ክር፣ ለሌላው የችግኝ መኮትኮቻ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ለወላጆቻችን ስጦታ ስንመርጥ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን እጃቸውን እንመልከት። ከእጃቸው የወሰድንባቸው ምን እንደሆነ እንጠይቅና እርሱን እንመልስላቸው።

ቸር ይግጠመን።