የከርሰ ምድር ውኃ ሒሳብ የሰፊው ሕዝብ ጉዳይ ነው

የሰው ልጅ ተፈጥሮን ለጋራ ጥቅም ሊያውል የሚችለው ሕግጋቷን በሳይንሳዊ ዘዴ ሲረዳ ብቻ ነው። ከዓይን የተሰወረው የከርሰ ምድር ውኃ ለዚህ ተጨባጭ ምሳሌ ነው።

በገርጂም ሆነ በሌሎች የአዲስ አበባ ሠፈሮች የቧንቧ ውኃ በተቋረጠ ቁጥር አቅም ያለው ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ አቅም የሌለው ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል። ይሁን እንጂ ከመሬት በታች አጥር የለም። ከእንጦጦ ግርጌ ወደ አቃቂ በእሳተ ገሞራ ዓለቶች ስንጥቅ የሚያዘግመው ውኃ የግቢ ወሰን አያውቅም። አንዱ ያለ ልክ ሲስብ የጎረቤቱ ጉድጓድ ውኃ ይሸሻል።

ይህን ሂደት የሚገልጸው ሒሳባዊ ሞዴል መሠረቱ የዕድር ሒሳብ ሹም ከሚይዘው መዝገብ ብዙ የራቀ አይደለም። ከዝናብ የሚሠርገው ገቢ ነው፤ በፓምፕ የሚሳበው፣ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ የሚወጣው ወጪ ነው፤ ልዩነቱ ከመሬት በታች ያለውን ክምችት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው ሥራ የፍሰቱ መጠን በውኃው ከፍታ ልዩነትና በመሬቱ የማስተላለፍ ችሎታ እንደሚወሰን አሳየ። የዛሬው ባለሙያ መሬቱን በትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ ይህንኑ ሒሳብ ለእያንዳንዱ ክፍል በኮምፒዩተር ያሰላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ተናለም አየነውና ባልደረቦቻቸው ስለ አቃቂ ተፋሰስ የሠሩት የዚህ ዓይነት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል።

ሆኖም ከልኬት የተነጠለ ሞዴል ባዶ ቀመር ነው። ሳይመዘገብ የተቆፈረ ጉድጓድ በመዝገቡ ያልሰፈረ ወጪ ነው። ሞዴሉ የማያውቀውን ወጪ በዝናብ ማነስ ወይም በዓለቱ ጠባይ ያሳብባል፤ በዚህ ላይ የተመሠረተ ውሳኔም ሕዝቡን ይጎዳል። ዕዳውም በመጨረሻ የሚያርፈው በባለ ጀሪካኑ ትከሻ ላይ ነው።

ስለሆነም የጉድጓድ ባለቤት ቆጣሪ ገጥሞ የሚስበውን ውኃ ሊያስመዘግብ፣ የቁፋሮ ሠራተኛው ያገኘውን የዓለት ዓይነትና የውኃ ጥልቀት በታማኝነት ሊጽፍ ይገባዋል። የነዋሪዎች ማኅበራት መዝገቡ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን መጠየቅ፣ ትምህርት ቤቶችም ሒሳብን ከአካባቢያቸው ውኃ ጋር አያይዘው ማስተማር አለባቸው። የጋራ ሀብት የሚጠበቀው በጋራ ዕውቀት ነው!