መጥሪያው ሳይደርስ ፍርዱ ሲደርስ

ውጭ አገር እየኖሩ አገር ቤት የፍርድ ቤት ጉዳይ ያለባቸው ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። የውርስ ቤት፣ የፍቺ ንብረት፣ በሽርክና የተከፈተ ድርጅት... ዝርዝሩ ረጅም ነው። ከክርክሩ በፊት ግን አንድ ትንሽ የምትመስል ጥያቄ አለች፤ መጥሪያው ለተከሳሹ በምን መንገድ ይደርሰዋል?

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ውጭ ለሚኖርና አገር ቤት ወኪል ለሌለው ተከሳሽ መጥሪያ በፖስታ እንዲላክ መንገድ ከፍቷል። ችግሩ የሚጀምረው ከሳሽ «አድራሻውን አላውቅም» ሲል ነው። በየሳምንቱ በስልክ የሚያወራው ወንድሙን እንኳ «አላውቅም» የሚል አይጠፋም። ከዚያ ጥሪው በጋዜጣ ይወጣል። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» በአንድ የገበያ ቀን አገሩ ሁሉ ለሚሰበሰብበት ዘመን ይሠራ ነበር። ዱባይ ወይም ሜሪላንድ ላለ ሰው ግን አዲስ አበባ የታተመ ጋዜጣ ምኑ ነው? ተከሳሹ ሳይቀርብ ይቀራል፤ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል፤ ይፈረዳል።

ሕጉ በሩን ጨርሶ አልዘጋም። በቁጥር 78 መሠረት መጥሪያው በሚገባ ያልደረሰው ሰው፣ ፍርዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ ፍርዱ እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል። አንድ ወር ግን ጠበቃ ለማቆምና ውክልና ለመላክ እንኳ አይበቃም። እስከዚያ ቤቱ ለሦስተኛ ወገን ተሽጦ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሙግት ይጨመራል።

መጥሪያን አጭበርብሮ ያለፈ ከሳሽም ሁልጊዜ አይጠቀምም። አሜሪካ የተፈረደለት ሰው ፍርዱን ይዞ አዲስ አበባ ቢሄድ፣ ቁጥር 458 ከሚያስቀምጣቸው መስፈርቶች መካከል ሁለቱ ይጠብቁታል፤ የኢትዮጵያ ፍርድ በዚያ አገር ይፈጸማል ወይ? ተከሳሹስ ቀርቦ የመከላከል ዕድል አግኝቷል ወይ? ሁለተኛውን ማስረዳት ያልቻለ ሰው የያዘው ወረቀት ብቻ ነው።

የአድራሻ ስህተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት የሱዳንን ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። በዩኤስኤስ ኮል መርከብ ላይ በደረሰው ጥቃት የተጎዱ መርከበኞች በሱዳን መንግሥት ላይ ከ314 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈርዶላቸው ነበር። መጥሪያው የተላከው ዋሽንግተን ወዳለው ኤምባሲ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 «ካርቱም ወዳለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቢሮ መላክ ነበረበት» ብሎ ለሱዳን ፈረደ።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይደለም። የሥነ ሥርዓት ሕጋችን በወጣበት በ1965 እ.ኤ.አ. የሄግ የመጥሪያ ማድረሻ ስምምነትም ተፈረመ። እያንዳንዱ አባል አገር መጥሪያ ተቀብሎ የሚያደርስ አንድ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ይሰይማል፤ ዳኛውም መጥሪያው በጊዜው መድረሱ ሳይረጋገጥ ለመፍረድ እንዳይቸኩል ይገደዳል። አሜሪካ፣ ጀርመን፣ ኩዌት፣ ግብፅና ቦትስዋና አባል ናቸው፤ ኢትዮጵያ አይደለችም። የውጭ የግልግል ዳኝነት ውሳኔዎችን የሚመለከተውን የኒው ዮርክ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀላቅላለች። ለትልልቅ ነጋዴዎች የተከፈተ በር ለተራው ባለጉዳይ የማይከፈትበት ምክንያት አይታየኝም።

እስከዚያው አገር ቤት ንብረት ያለን ሰዎች የሰጠነውን ውክልና አውጥተን እናንብበው። ወኪላችን መጥሪያ የመቀበል ሥልጣን ካለው፣ ለእሱ የደረሰው ለእኛ እንደደረሰ ይቆጠራል። ስለዚህ ይህን ሥልጣን የምንሰጠው፣ መጥሪያው በደረሰበት ቀን ለሚደውልልን ሰው ብቻ ይሁን።