ሞተረኛው በሌለበት የሚወጣ ሕግ

አዳማ ላይ ገልማ አባ ገዳ አለ፤ የክልሉ ምክር ቤት፣ ጨፌ ኦሮሚያ፣ በተደጋጋሚ የተሰበሰበበት አዳራሽ። ከአዳራሹ ውጭ ደግሞ ከፍራንኮ እስከ መብራት ኃይል ሲመላለስ የሚውል ባጃጅና ሞተር አለ። ሁለቱ እምብዛም አይተዋወቁም። መመሪያ ሲለወጥ ወይም መስመር ሲዘጋ አሽከርካሪው ወሬውን የሚሰማው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ያውም ከትራፊኩ አፍ፣ ከነቅጣቱ።

ነገሩ የአዳማ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ሞተር ሳይክል በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ አገደች። ምክንያቱ ዝርፊያ ነበር። ዝርፊያውም የፈጠራ ወሬ አልነበረም፤ በሞተር እየመጡ ስልክና ቦርሳ የሚመነትፉ ነበሩ። ነገር ግን ሌባውን ከሠራተኛው ለይቶ ከመያዝ ሁሉንም በአንድ ቀን ማስቆም ቀለለ። በ2015 ተራው የባጃጅ ሆነ። ሁለቱም ጊዜ ውሳኔው ቀደመ፤ ማን በምን ሁኔታ ይሥራ የሚለው ንግግር የመጣው ብዙ ቤት እንጀራ ከጎደለ በኋላ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የሆነው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የፌዴራሉ መንግሥት ሄልሜት የሚያስገድድ ሕግ ያላወጣ ክልል የመንገድ ገንዘብ ይቀነስበታል አለ። ሞተረኞቹ ተደራጁ፤ በየክልሉ ምክር ቤት ደጅ ጠኑ፤ ለተመራጮቻቸው ጻፉ። በ1976 ኮንግረሱ ግዴታውን አነሳላቸው። ፍሎሪዳ በ2000፣ ሚሺጋን በ2012 ለአዋቂ ሞተረኞች ሕጋቸውን አላሉ። ፍሎሪዳ ውስጥ ከዚያ በኋላ የሞተረኞች ሞት ጨመረ። ሰዎቹ ምክር ቤት ፊት ቀርበው መደመጥን ቻሉበት፤ የተደመጡት ግን ራሳቸውን በሚጎዳ ጉዳይ ነው። የእኛ ሞተረኛ ተገቢ ጥያቄ ይዞ የሚሰማው አጥቷል።

እኛ ዘንድ ባዶ ራስ መንዳትን መብቴ ነው ብሎ የሚሟገት ሞተረኛ አላጋጠመኝም። ባቱ መናኸሪያ አካባቢ አንዱን ወጣት ጠጋ ብዬ አይቼዋለሁ። ሄልሜቱ መሪው ላይ ተንጠልጥሏል፤ የአገጩ ማሰሪያ ተበጥሶ በሲባጎ ተቀጥሏል። ለምን እንደማያደርገው ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ትራፊክ ሳይ አደርገዋለሁ» አለኝ ሳይደብቅ። ለተሳፋሪውስ? «ብሰጠውም ላብ ላብ ይላል ብሎ ይመልስልኛል። ሙቀቱን ታየው የለ?»

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ የታሰረ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። በሲባጎ የተቀጠለው በዚህ ስሌት ውስጥ የለም። «ሄልሜት ያላደረገ ይቀጣል» የሚለው ሕግ ደግሞ የሚያየው ራስ ላይ መቀመጡን ብቻ ነው። ሞተረኛውን የጠየቀ ሕግ አውጪ ግን ስለ ጥራቱ፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ ማሰሪያው፣ ስለ ተሳፋሪው ያስባል። ኪጋሊ ላይ የሞተር ታክሲ ነጂ ለተሳፋሪው ሁለተኛ ሄልሜት ይዞ መዞሩ የተለመደ ነው፤ አዳማና ሻሸመኔ ላይ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

መንገዱም አለ። ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመጣው ከባድ መኪና በአዳማ በኩል ያልፋል። ከሞጆ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌ ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው ነባሩ መንገድ ላይ ደግሞ ሞተረኛው የአስፋልቱን ጠርዝ ታክኮ ይነዳል። ተሳቢ ሲመጣበት ምርጫው ጠጠር ውስጥ መግባት ነው። የትኛው ጠርዝ እንደተበላ፣ የትኛው ፍጥነት መቀነሻ ቀለም እንደሌለው ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እሱን ትቶ ደንብ መጻፍ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ሥልጣኑ የለም እንዳይባል፣ ሕገ መንግሥቱ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችን ለፌዴራሉ ሰጥቶ፣ ለፌዴራሉ ብቻ ወይም ለሁለቱም በጋራ ያልተሰጠውን ሁሉ በአንቀጽ 52 ለክልሎች ትቷል። የከተማ ውስጥ ባጃጅና ሞተር እንዴት ይደራጅ፣ የት ይቁም የሚለውን ጨፌው አንስቶ ሊነጋገርበት ይችላል። ረቂቁን ከማጽደቁ በፊት የአዳማን፣ የመቂን፣ የባቱንና የሻሸመኔን አሽከርካሪዎች ጠርቶ ማድመጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

የአሽከርካሪዎቹ ማኅበራትም ከተራ ማስከበርና ከመዋጮ መሰብሰብ ወጣ ይበሉ። ሦስት ሰው አፈናጥጦ የሚነዳውን፣ ጠጥቶ መሪ የሚይዘውን፣ በተቃራኒ መስመር የሚገባውን አባል ራሳቸው ካልገሠጹ መድረክ ላይ የሚናገሩት አይታመንላቸውም። ባለሥልጣን «እነሱ እኮ ሥርዓት የላቸውም» ብሎ በሩን የሚዘጋው በእነዚህ እያመካኘ ነው።

መድረኩ ከተገኘ እኔ ከመድን እጀምር ነበር። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያስገድዳል። ገጭቶ ባመለጠ መኪና የተጎዳም ሰው ከመድን ፈንዱ ካሣ የሚያገኝበት መንገድ አለ። ይህ መልካም ነው። ሆኖም ሦስተኛ ወገን ማለት ሌላው ሰው ነው። ሞተረኛው በራሱ ተንሸራትቶ እግሩ ቢሰበር በዚያ መድን ካሣ አይከፈለውም፤ የዕለት ገቢው ይቆማል፣ የሞተሩ ዕዳ ግን አይቆምም። በየዓመቱ ቦሎ ሲለጠፍ አነስተኛ ክፍያ ታክሎ አሽከርካሪውን ራሱን የሚሸፍን መድን ቢበጅለት፣ ሕግ ከቅጣት ሌላም የሚሰጠው ነገር እንዳለ ያያል። ያኔ ሄልሜትህን እሰር ሲባልም ይሰማል።